ፕላቲነሙ አልቆ ነው ወይስ ሴሉ ደርቆ? ጎንደር ውስጥ በአንድ የማስተማሪያ ፊዩል ሴል ላይ የተደረገ የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ

ጎንደር በሚገኝ አንድ የትምህርት ተቋም ቤተ ሙከራ ውስጥ ሃያ ሴሎች በተከታታይ የተደረደሩበት፣ መቶ ዋት ያህል ኃይል የሚሰጥና በማራገቢያ የሚቀዘቅዝ አነስተኛ የፊዩል ሴል (ሃይድሮጅንንና ኦክስጅንን አዋህዶ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ መሣሪያ) ስታክ፣ ማለትም የሴሎች ድርድር፣ አለ። ሃይድሮጅኑን ከተጣራ ውሃ የሚያመርት ትንሽ ኤሌክትሮላይዘር አብሮት የመጣ ሲሆን፣ ኦክስጅኑን ግን ማራገቢያው ከክፍሉ አየር ይስብለታል። አምራቹ ከመሣሪያው ጋር በላከው ወረቀት ላይ የካቶዱ (ኦክስጅኑ የሚገባበት ኤሌክትሮድ) ካታሊስት፣ ማለትም ሂደቱን የሚያፋጥነው ንጥረ ነገር፣ በካርቦን ዱቄት ላይ የተበተነ የፕላቲነምና የኮባልት ቅይጥ መሆኑ ተጽፏል። መሣሪያው በተተከለ ሰሞን 8 አምፔር ሲጫንበት 12 ቮልት ይሰጥ እንደነበር የቤተ ሙከራው ቴክኒሻን በደብተሩ መዝግቦ አስቀምጧል። ከጥቂት የትምህርት ዓመታት በኋላ ግን በዚያው ጭነት የሚሰጠው 9.6 ቮልት ብቻ ሆነ፤ መቆጣጠሪያውም ቮልቴጁ ወረደብኝ እያለ ትምህርቱን በመሃል ያቋርጥ ጀመር።

ወዲያው የቀረበው ሐሳብ ስታኩን በአዲስ መተካት ነበር። በግዥ መጠየቂያው ላይ የተሰጠው ምክንያት ካታሊስቱ አልቋል የሚል ሲሆን፣ ማስረጃ ተብሎ የተያያዘው ግን የቮልቴጁ መውረድ ብቻ ነው። የውጭ ምንዛሪ የሚጠይቅ ዕቃ በመሆኑ ጥያቄው ከመጽደቁ በፊት ጉዳዩን እንድናይ ተጠየቅን። ሃያዎቹ ሴሎች በተከታታይ የተያያዙ ስለሆኑ የጠፋው 2.4 ቮልት ለእያንዳንዱ ሴል ሲካፈል 120 ሚሊቮልት ይደርሳል። ስለዚህ ልንመልሰው የሚገባው ጥያቄ ከዚህ 120 ሚሊቮልት ውስጥ በእውነት የካታሊስቱ ድርሻ ስንት ነው የሚል ሆነ።

ቅይጡ ለምን ተመረጠ፣ እንዴትስ ያረጃል

በአኖዱ በኩል የሚገባው ሃይድሮጅን ወደ ፕሮቶንና ኤሌክትሮን ይከፈላል፤ ፕሮቶኑ በአኖዱና በካቶዱ መካከል ባለው አሲዳማ ስስ ገለፈት (ሜምብሬን) ውስጥ ሰንጥቆ፣ ኤሌክትሮኑ ደግሞ በውጭው ሽቦ ዞሮ ካቶድ ላይ ከኦክስጅን ጋር ሲገናኙ ውሃ ይሆናሉ። አኖዱ ላይ ያለው ሥራ ፈጣን ነው። ካቶዱ ላይ ያለው ግን፣ የኦክስጅንን ሞለኪውል መለያየት ስለሚጠይቅ፣ እጅግ ዝግተኛ ነው፤ ከፕላቲነሙ አብዛኛው እዚያ የሚፈስሰውም በዚሁ ምክንያት ነው። ኮባልት ሲቀየጥበት የፕላቲነም አቶሞች እርስ በርስ ይበልጥ ይጠጋጋሉ፤ ኦክስጅን አዘል ቅንጣቶች ገጹ ላይ የሚጣበቁበት ኃይልም ይላላል። በዚህ የተነሳ ከአንድ ሚሊግራም ፕላቲነም የሚገኘው ጅረት ከንጹሑ ፕላቲነም ሁለትና ሦስት እጥፍ ሊደርስ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2014 ለገበያ የቀረበችው የቶዮታ ሚራይ መኪናም ካቶዷ ላይ የተጠቀመችው ይህንኑ የፕላቲነምና የኮባልት ቅይጥ ነው።

ፕላቲነም አይዝግም፣ አይሟሟም የሚለው እምነት ከጌጣጌጥ የመጣ ይመስለኛል፤ ለቀለበት እውነት ነው፣ ለካታሊስት ግን ሙሉ እውነት አይደለም። ካታሊስቱ ውስጥ ያለው ፕላቲነም ከ2 እስከ 5 ናኖሜትር ባላቸው ቅንጣቶች የተበተነ ነው። አሞሌ ጨው ውሃ ውስጥ ቢወድቅ ለመሟሟት ጊዜ ይወስድበታል፣ የተወቀጠው ግን ወዲያው ይጠፋል፤ የፕላቲነም ቅንጣትም እንዲሁ ባነሰ ቁጥር፣ በተለይ ከ3 ናኖሜትር በታች ሲሆን፣ ገጹ ላይ ያሉት አቶሞች ማሰሪያቸው ስለሚላላ ቶሎ ይሟሟል። ኮባልት ደግሞ ከመጀመሪያውም በአሲድ ውስጥ የሚረጋ ብረት አይደለም። የፕላቲነም መደበኛ ፖቴንሻል (ዝቅ ባለ ቁጥር ብረቱ በቀላሉ እንደሚሟሟ የሚያሳይ መለኪያ) 1.19 ቮልት ሲሆን የኮባልት ከዜሮ በታች 0.28 ቮልት ነው፤ ስለሆነም ካቶድ በሚሠራባቸው ቮልቴጆች ሁሉ ለአሲዱ የተጋለጠ የኮባልት አቶም መሟሟቱ አይቀርም። ቅይጡን በሕይወት የሚያቆየው ገጹ ላይ የሚቀረው ስስ የፕላቲነም ልባስ ነው፤ ልባሱ ራሱ እየተሟሟና እየታደሰ ሲሄድ ግን ከሥሩ ያለው ኮባልት እየተገለጠ ይወጣል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር አለ። ፕላቲነምን ይበልጥ የሚጎዳው ከፍተኛ ጅረት ሳይሆን ከፍተኛ ቮልቴጅ፣ ከዚያም በላይ የቮልቴጅ መውጣትና መውረድ ነው። ሴሉ ጭነት ሲቀንስበት ቮልቴጁ ይወጣል፤ ከ0.8 ቮልት ገደማ ጀምሮ የፕላቲነሙ ገጽ ኦክሳይድ ይለብሳል፤ ጭነት ሲጨመርበት ቮልቴጁ ይወርድና ኦክሳይዱ ይገፈፋል፤ በመልበሱና በመገፈፉ መካከል ጥቂት አቶሞች ወደ አሲዱ ያመልጣሉ። ካመለጡት ከፊሎቹ በትልልቆቹ ቅንጣቶች ላይ ተመልሰው ይለጠፋሉ፤ ትልቁ እየተለቀ ትንሹ እየጠፋ ሲሄድ አጠቃላይ የገጽ ስፋቱ ይጠባል። ሌሎቹ ወደ ሜምብሬኑ ዘልቀው ከአኖዱ በኩል ሾልኮ ከሚመጣው ሃይድሮጅን ጋር ሲገናኙ እዚያው ወደ ብረትነት ይመለሱና ለማንም የማይጠቅም ንጣፍ ይሠራሉ። የወጣው ኮባልት ደግሞ በሜምብሬኑና በካታሊስት ንብርብሩ ውስጥ የፕሮቶኖችን ቦታ ስለሚይዝ የፕሮቶን መተላለፊያውን ያጠብባል።

የአሜሪካ የኢነርጂ መሥሪያ ቤት ለካታሊስት ጽናት የሚጠቀምበት የተፋጠነ ፍተሻ የተመሠረተው በዚሁ ግንዛቤ ላይ ነው፤ ካቶዱ በ0.6 እና በ0.95 ቮልት መካከል 30,000 ጊዜ ይመላለሳል፣ ካታሊስቱም ከመነሻ ብቃቱ ከ40 በመቶ በላይ እንዳያጣ ይጠበቅበታል። ፍተሻው ሲደረግ በካቶዱ በኩል የሚገባው ናይትሮጅን ስለሆነ ሴሉ ኃይል አያመነጭም። ካታሊስቱ ምንም ሥራ ሳይሠራ በቮልቴጅ መመላለስ ብቻ ሊያረጅ እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላውቅም።

ቤተ ሙከራው ውስጥ መሣሪያው የኖረበት አኗኗር

የቴክኒሻኑ ደብተር የቮልቴጁን ያህል የአጠቃቀሙንም ታሪክ ይዞ ስለነበር ለምርመራው ትልቅ እገዛ ሆኖናል። መሣሪያው በየክፍለ ጊዜው ይነሳል፤ ተማሪዎቹ ትንሽ የኤልኢዲ አምፖል ሲበራ አይተው ከተደነቁ በኋላ መምህሩ ሰሌዳው ላይ ማብራሪያውን ይቀጥላል፤ ስታኩ ግን ሃይድሮጅን እየጠጣ፣ ያለ ጭነት ለማለት በሚቻል ሁኔታ፣ እያንዳንዱ ሴል ከ0.9 ቮልት በላይ ሆኖ ይቆማል። ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ የሃይድሮጅኑ ቫልቭ ይዘጋል፣ ሌላ ምንም አይደረግም። ቀጣዩ ክፍል ሲገባ እንደገና ይነሳል። ቴክኒሻኑ ይህንን ሲያስረዳን፣ «ጋሼ፣ ይኼ ዕቃ ሲሠራ አይደለም የተጎዳው፣ ቆሞ ነው» አለ፤ ከዚያ በኋላ የለካነው ሁሉ ንግግሩን የሚያጠናክር ሆኖ ተገኘ።

ጉዳቱ ከመቆሙ ባሻገር በአነሳሱም ነበር። ሃይድሮጅኑ ተዘግቶ መሣሪያው ሲያድር አየር ወደ አኖዱ ይገባል። በማግስቱ ሃይድሮጅኑ ሲለቀቅ የአኖዱ መስመር ለአጭር ጊዜ ከፊሉ ሃይድሮጅን፣ ከፊሉ አየር ይሆናል፤ በዚያች ቅጽበት አየሩ ባለበት ክፍል ትይዩ ያለው የካቶዱ ፖቴንሻል እስከ 1.4 ቮልትና ከዚያም በላይ ይዘላል። ካርቦን ከውሃ ጋር ተዋህዶ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለመለወጥ በመርህ ደረጃ ከ0.2 ቮልት ትንሽ ከፍ ያለ ፖቴንሻል ይበቃዋል፤ በሥራ ቮልቴጅ የማይቃጠለው ሂደቱ እጅግ ዘገምተኛ ስለሆነ ብቻ ነው። በ1.4 ቮልት ግን ያ ዘገምተኝነት ያበቃል፤ ፕላቲነሙን የተሸከመው ካርቦን ይበላል፣ ቅንጣቶቹም ከማረፊያቸው ይለቃሉ።

በመጨረሻም ከግድግዳው ማዶ የናፍጣ ጄኔሬተር አለ። መብራት በሄደ ቁጥር ጄኔሬተሩ ይነሳል፣ ጭሱም በመስኮቱ በኩል ወደ ቤተ ሙከራው ይገባል፣ ማራገቢያውም ያንኑ አየር ስቦ ለካቶዱ ይመግበዋል። በናፍጣ ጭስ ውስጥ ያለው ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ፕላቲነም ላይ አጥብቆ ይጣበቃል፤ መጠኑ እዚህ ግባ የማይባል ቢሆንም እንኳ እየተጠራቀመ የካታሊስቱን ገጽ ይሸፍናል።

ከመለካት በፊት የተሠራ ሂሳብ

መሣሪያውን ከመንካታችን በፊት የግዥ መጠየቂያው ምክንያት በራሱ ሂሳብ ይቆም እንደሆነ አየን። ካቶድ ላይ ያለው ሂደት የሚታወቅ ጠባይ አለው፤ የካታሊስቱ ብቃት በአሥር እጥፍ ሲቀንስ ሴሉ የሚያጣው ቮልቴጅ በ80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወደ 70፣ ይህ ስታክ በሚሠራበት በ50 ዲግሪ ገደማ ደግሞ ወደ 65 ሚሊቮልት ነው። በዚህ ስሌት ካታሊስቱ ከብቃቱ ግማሹን ቢያጣ የሚጠፋው 20 ሚሊቮልት ያህል ብቻ ነው። 120 ሚሊቮልቱ በሙሉ በካታሊስቱ ብቃት መቀነስ ብቻ ቢመጣ ኖሮ ከሰባ እጅ አንድ እጅ ብቻ መቅረት ነበረበት። እንደዚያ የተራቆተ ካታሊስት ደግሞ በ8 አምፔር ብቻ ሳይሆን ገና በ1 አምፔርም ያንኑ ያህል ቮልቴጅ ያጣ ነበር። ስለዚህ ስታኩ ምንም ያህል የተጎዳ ቢሆን ከጠፋው ቮልቴጅ የሚበዛው ሌላ ምንጭ ሊኖረው ግድ ነበር።

ከፍታውን የጠቀሱም ነበሩ። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ስለምትገኝ የአየር ግፊቷ 78 ኪሎፓስካል ገደማ ነው፤ በባሕር ወለል 101 ከሚሆነው አንጻር ኦክስጅኑም በዚያው ልክ ይሳሳል። ይህ ልዩነት በዝቅተኛ ጅረት ለአንድ ሴል የሚያስከፍለው ከ10 ሚሊቮልት በታች ነው። ከሁሉ በላይ ግን መነሻው 12 ቮልት የተለካው እዚሁ ጎንደር ውስጥ ስለሆነ፣ ከፍታው ያኔም ዛሬም ያው ነው፤ ለመውረዱ ምክንያት ሊሆን አይችልም።

ምርመራው

በመጀመሪያ እያንዳንዱን ሴል በቴስተር ለካን። አንዱ ሴል ከሌሎቹ ተለይቶ ቢወርድ ኖሮ የሜምብሬን መበሳት ወይም የጋዝ መሹለክ ይጠረጠር ነበር፤ የሁሉም አወራረድ ግን ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ፣ ዳርና ዳር ያሉት ሁለቱ ብቻ በጥቂቱ ዝቅ ይሉ ነበር። ጉዳቱ ሁሉንም እኩል የነካ የጋራ ምክንያት ያለው መሆኑ በዚህ ታወቀ።

ቀጥሎ የስታኩን ውስጣዊ መከላከል (ሬዚስታንስ) ለካን። ለዚህ የተጠቀምነው በፀሐይ ኃይል ሥራ ላይ የተሰማሩ ባለሙያዎች የባትሪን ጤና የሚያዩበትን፣ በ1 ኪሎኸርዝ የሚለካውን ትንሽ መሣሪያ ነው፤ ለስታክ ሲባል የተሠራ ባይሆንም ለዚህ ሥራ በቂ ነው። ንባቡ 0.26 ኦም ነበር። ጊዜው የበጋው አጋማሽ፣ አየሩም ደረቅ ነበር፤ ሜምብሬን ፕሮቶን የሚያስተላልፈው ደግሞ ውሃ ሲይዝ ብቻ ነው። ማራገቢያው አየር በሚስብበት በኩል በተጣራ ውሃ የረጠበ ጨርቅ ጋርደን፣ የማራገቢያውን ፍጥነት ቀንሰን፣ ስታኩ በመካከለኛ ጭነት ራሱ የሚያመነጨውን ውሃ እንዲጠጣ አደረግነው። ውሃውን ከመኪና ዕቃ መሸጫ ስንገዛ የባትሪ ውሃ ተብሎ ከሚሸጠው ውስጥ አንዳንዱ አሲድ የነካው ስለሆነ በመለኪያ አጣርተን የወሰድነው ነው። መከላከሉ ወርዶ 0.14 ኦም ላይ ሲረጋ በ8 አምፔር የሚገኘው ቮልቴጅ ወደ 10.56 ወጣ። ልዩነቱ 0.12 ኦም ሲሆን በ8 አምፔር ሲባዛ 0.96 ቮልት ይሆናል፤ ቮልቴጁ የጨመረውም በዚያው ልክ ነው። ከ120ው ሚሊቮልት 48ቱ ድርቀት ብቻ ነበር ማለት ነው።

ሦስተኛው ደረጃ ገጹን ማጽዳት ነበር። ስታኩን ከጄኔሬተሩ ርቆ ወደሚገኝ ክፍል አዛወርነው። ከዚያም ሃይድሮጅኑ ሳይቋረጥ ጭነቱን ከፍ በማድረግ የሴሎቹን ቮልቴጅ ለአጫጭር ጊዜ ዝቅ እያደረግን፣ ወዲያው እየለቀቅን ደጋገምነው። ቮልቴጁ ሲወጣ የተጣበቀው ሰልፈር ወደ ሰልፌት ይለወጣል፤ ሲወርድ ደግሞ ሰልፌቱ ከፕላቲነሙ ላይ ይለቅቅና በሚመረተው ውሃ ይታጠባል፣ ያረጀው ኦክሳይድም አብሮ ይገፈፋል። የቮልቴጅ መውጣትና መውረድ ፕላቲነሙን ይጎዳል ብለን መልሰን በዚያው ማከማችን እንግዳ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ለጥቂት ጊዜ የሚደረግ ማጽዳት በሺዎች ከሚቆጠር የዕለት ተዕለት ምልልስ ጋር የሚወዳደር ጉዳት የለውም። በዚህ ደረጃ ቮልቴጁ 11.3 ላይ ደረሰ፣ ለእያንዳንዱ ሴል 37 ሚሊቮልት ያህል ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ግን የቱንም ያህል ብንደጋግመው ንባቡ አልነቃነቅ አለ።

የማይመለሰው ክፍል

የቀረው 0.7 ቮልት፣ ለአንድ ሴል 35 ሚሊቮልት፣ የእውነተኛው እርጅና ድርሻ ነው። ይህንንም በደፈናው ካታሊስቱ ላይ መጫን አልፈለግንም፤ ስለዚህ መከላከልና የጋዝ መተላለፍ ብዙም ጣልቃ በማይገቡበት በ0.4 አምፔር ንባቡን ከደብተሩ ጋር አነጻጸርን። ያኔ 17 ቮልት የነበረው አሁን 16.5 ሆኗል፤ ለአንድ ሴል 25 ሚሊቮልት ማለት ነው። በላይኛው ስሌት ሲመነዘር ካታሊስቱ ከመነሻ ብቃቱ የቀረው 40 በመቶ ገደማ ይሆናል። የቀሩት 10 ሚሊቮልቶች በከፍተኛ ጅረት ብቻ የሚታዩ ስለሆኑ የወጣው ኮባልት ያጠበበው የፕሮቶን መንገድና የተበላው ካርቦን ውጤት ናቸው ብለን እንገምታለን፤ ስታኩን ሳይፈቱ ሁለቱን መለየት አይቻልም።

60 በመቶ ማጣት ቀላል አይደለም፤ ከላይ የጠቀስነው የፍተሻ ወሰን 40 በመቶ ነው። ያም ሆኖ ቁጥሩ ሲታይ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። ቅይጡ ከንጹሕ ፕላቲነም ሁለትና ሦስት እጥፍ ብቃት ይዞ ከተነሳ፣ ወደ 40 በመቶ የወረደ ቅይጥ የደረሰበት ቦታ ንጹሕ ፕላቲነም ከሚነሳበት ብዙም አይርቅም። ስታኩ ያጣው በዋናነት ለኮባልቱ ሲባል የተከፈለበትን ብልጫ ነው። የመኪና አምራች ቢሆን ኖሮ ይህ ውድቀት ይባል ነበር፤ እርሱ ፕላቲነሙን በሚሊግራም የሚቆጥበው ያንን ብልጫ ተማምኖ ነውና። ፊዩል ሴል ምን እንደሆነ ለተማሪ ለሚያሳይ መሣሪያ ግን 11.3 ቮልት ከበቂ በላይ ነው።

የተወሰደው እርምጃ

የግዥ ጥያቄው ተነሳ። በምትኩ ከቅዳሜ ገበያ የተገዛ 55 ዋት የመኪና የፊት አምፖል ከስታኩ ጋር በቋሚነት ተያያዘ፤ አምፖሉ ከ4 አምፔር በላይ ስለሚስብ ሴሎቹ በ0.7 ቮልት አካባቢ ይቆያሉ፣ መምህሩ ሰሌዳው ላይ የቱንም ያህል ቢቆይ ስታኩ ያለ ጭነት አይቆምም። ተማሪዎቹም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከኤልኢዲዋ ይልቅ በዚህኛው ይበልጥ ይደነቃሉ።

አዘጋጉም ተለወጠ። አሁን በቅድሚያ የሚቋረጠው አየሩ ነው፤ ማራገቢያው ጠፍቶ የአየር መግቢያው ይከደናል፣ ሃይድሮጅኑ ክፍት እንደሆነ አምፖሉ በካቶዱ ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን በልቶ እስኪጨርስ ይጠበቃል። ቮልቴጁ ወደ ዜሮ ሲጠጋ አምፖሉ ይነቀላል፣ ሃይድሮጅኑም የሚዘጋው ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ መዛባት የለበትም፤ ሃይድሮጅኑ ቀድሞ ተዘግቶ አምፖሉ መሳቡን ከቀጠለ ሴሎቹ ሊገለበጡና በዚህ ጊዜ ደግሞ የአኖዱ ካርቦን ሊበላ ይችላል። ሲነሳም የማስተንፈሻው ቫልቭ ተከፍቶ ሃይድሮጅኑ በፍጥነት እንዲሞላ ይደረጋል፤ አየርና ሃይድሮጅን አኖዱ ውስጥ አብረው የሚቆዩበት ጊዜ ባጠረ ቁጥር ካርቦኑ ይተርፋል። ተበታትነው የነበሩት የተግባር ክፍለ ጊዜያትም በአንድ ከሰዓት በኋላ እንዲከታተሉ ስለተደረገ፣ ቀድሞ በየክፍሉ ይነሳ የነበረው መሣሪያ አሁን አንዴ ተነስቶ ሁሉንም ያስተናግዳል።

ተቋሙ ወደፊት ሌላ ስታክ ሲገዛ ምን ይጻፍ በሚለው ላይ ሐሳባችን አንድ አልነበረም። አንደኛው ወገን ቅይጡ ዘመናዊ ስለሆነ ተማሪው ሊያየው ይገባል ይላል። የእኔ አስተያየት ከዚህ የተለየ ነው፤ በየጊዜው ለሚነሳና ለሚቆም፣ የአየር ማጣሪያ ለሌለው፣ የፕላቲነሙ መጠንም ለማያሳስብበት መሣሪያ የንጹሕ ፕላቲነም ካታሊስት ለአንድ ሴል ቢበዛ 30 ሚሊቮልት ያህል ያሳጣል፣ ሜምብሬኑን የሚበክል ኮባልት ግን የለውም። ቅይጥ ይሁን ከተባለም የፕላቲነሙና የኮባልቱ አቶሞች በሥርዓት ተራ በተራ የተደረደሩበት ዓይነት ኮባልቱን አጥብቆ ስለሚይዝ ያ ይመረጥ ብለን ጽፈናል። ከዚሁ ጋር ሻጩ ስታኩን ሲያስረክብ በ0.4 እና በ8 አምፔር የተለኩ ንባቦችንና የውስጥ መከላከሉን በጽሑፍ እንዲሰጥ የሚል ግዴታ በመጠየቂያው ውስጥ ገብቷል፤ የደብተሩ ብቸኛ ጉድለት የመከላከሉ የመነሻ ንባብ አለመመዝገቡ ነበርና።